ሳህሉ የመረጠው ቸርኬ

አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ሐበሻ በሚበዛበት በዚያ ቀይ ጡብ አፓርትመንት፣ መኪና ሊገዛ ያሰበ ሰው ከባንኩ አስቀድሞ የሚደውለው ለሳህሉ ነበር። «ሳህሉ ሳያየው እንዳትፈርም» ይባላል። ሳህሉም ሳያቅማማ ይሄዳል። መኪናውን አንድ ጊዜ ይዞረዋል፣ በሩን ከፍቶ ይዘጋዋል፣ ሞተሩ ሲነሳ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ከዚያ ወይ «ይሁን» ይላል፣ ወይ ከንፈሩን ይመጥጣል። ከንፈሩን ከመጠጠ አለቀ፤ ያንን መኪና የሚገዛ ሐበሻ ከዚያ ወዲያ አይገኝም።

ዝናው የመጣው በአጋጣሚ ነው። ከዓመታት በፊት ሳህሉ አንድ ጎረቤቱ ሊገዛ ያሰበውን መኪና በር ዘግቶ «ይሄ በር አልጣመኝም» አለ። ጎረቤቱ ተወው። በኋላ ሲጣራ መኪናው በአደጋ ተጨፍልቆ፣ ተቀጥቅጦ የተጠገነ ሆኖ ተገኘ። በሩ ለሳህሉ ያልጣመው ጣቱን ስለቀረጠፈው ነበር፤ ይህን ግን ለማንም አልተናገረም።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ሳህሉ መካኒክ ሆኖ አያውቅም። አዲስ አበባ ሳለ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። አሜሪካ ከገባ ወዲህ ሃያ አራት ዓመት የሠራው አርሊንግተን፣ አንድ ትልቅ የቢሮ ሕንጻ ሥር ባለ ፓርኪንግ ጋራዥ ነው። የሰው መኪና ተቀብሎ ያቆማል፣ ባለቤቱ ሲመጣ ያወጣል። ያልነዳው የመኪና ዓይነት የለም፤ የነዳው ሁሉ ግን ከመግቢያው እስከ ሦስተኛው ምድር ቤት ነው፣ ያውም በኤሊ እርምጃ። «መካኒክ ነኝ» ብሎ አያውቅም። ሰዎች «መካኒክ እኮ ነው» ሲሉ ግን ዝም ይላል። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ። ስልሳ አንድ ዓመት ሞልቶታል፣ ልጅ አልወለደም፣ ሰው ከፍ አድርጎ የሚጠራው በዚህች በአንዲት ነገር ብቻ ነው። እሷን ማጣት ይፈራል።

አንድ ሐሙስ ማቲያስ ደወለለት። ማቲያስ እዚያው ሕንጻ ውስጥ ያደገ፣ አባቱ በልጅነቱ የሞተበት፣ አሁን አርሊንግተን ኮምፒዩተር ላይ የሚሠራ የሃያ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ነው። በቅርቡ ጥቁር ሙስታንግ ስፖርት መኪና ገዝቶ፣ ሞላውን አስቆርጦ መሬት ሊስም እስኪደርስ ዝቅ አስደርጎታል።

«ጋሽ ሳህሉ፣ ዋይደር ቸርኬና ጎማ ላስገባለት ነው። ግን የሳይዙ ነገር ኮንፊውዝ አደረገኝ። ኦንላይን ሁሉም የየራሱን ነው የሚያወራው። እርስዎ ካላዩልኝ አልገዛም» አለው።

ሳህሉ ስለ ሰፊ ቸርኬ የሚያውቀው ሰፊ መሆኑን ብቻ ነበር። ያን ቀን ከሥራ መልስ ስልኩ ላይ አንድ ቪዲዮ ከፍቶ ማየት ጀመረ። ሰውየው ቁጥር በቁጥር ላይ ሲደረድርበት እንቅልፍ ጣለው። ቅዳሜ ጠዋት ግን ኮቱን ለብሶ፣ የማያውቀውን ሊመርጥ ከማቲያስ ጋር ወደ ሀዲስ ጎማ ቤት ሄደ።

ሀዲስ ጎሚስታ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ሶማሌ ተራ ጎማ ሲፈታና ሲገጥም ያደገ፣ እዚህም መጥቶ ወረቀቱን የያዘ፣ ወሬ የማያበዛ ሰው ነው። ጎማ የሚለብሱ ሁለት ዓይነት የብረት ቸርኬ አውጥቶ መሬት ላይ አጋደማቸው። ስፋታቸው አንድ ነው፤ አንደኛው ሲታሰር ወደ ውስጥ ገባ ይላል፣ ሌላኛው ወደ ውጭ ይወጣል። በጣቱ ቸርኬው ላይ የተጻፈውን ቁጥር እያሳየ ይህንኑ አስረዳ። ማቲያስ የሰማውን ትቶ የሳህሉን ፊት አየ።

ሳህሉ ሁለቱንም ዞር ዞር ብሎ አያቸውና የሚወጣውን በጫማው ጫፍ ነካ አደረገው። «ይሄ ነው። ሰፊ ጎማ ያደረገ ሰው ስፋቱ ካልታየለት ምን ዋጋ አለው? ይሄኛው ደረቱን የነፋ ነው» አለ።

«ጋሼ» አለ ሀዲስ ቀስ ብሎ፣ «መኪናው ዝቅ ተደርጓል። ይሄኛው ወደ ውጭ ስለሚወጣ፣ ኋላ ሰው ሲጫን ጎማው ከላዩ ያለውን የጭቃ መከላከያ፣ ፓራፋንጎውን ይነካል። ቆርቆሮው ደግሞ ጠርዙ ምላጭ ነው፣ ይቆርጠዋል። ለማንኛውም ልሰረውና ሁለት ሰው ኋላ ይቀመጥ፣ እንየው። አምስት ደቂቃ ነው።»

አሁን አንድ ቃል ብቻ በቂ ነበረች። «እሺ እንየው» ቢል ማንም አይንቀውም ነበር። ሳህሉ ግን በማቲያስ ፊት የተፈተነ መሰለው። ጆሮው ጋለ። «ስፖርት መኪና ላይ ኋላ ማን ይጫናል? ሀዲስ፣ አንተ ቡሎን ስትፈታ እኔ ስንቱን ነድቻለሁ» አለ ፈገግ ብሎ፤ ፈገግታው ግን ጥርስ ነበረው።

ሀዲስ እጁን በጨርቅ ጠረገና «እሺ ጋሼ» አለ። እኛ ዘንድ «እሺ» ብዙ ጊዜ መስማማት አይደለም። ታላቅን በሰው ፊት አላሳፍርም ማለት ነው። ሳህሉ ይህን ልቡ ያውቀዋል፤ ያን ዕለት ግን እንዳሸነፈ ቆጠረው። ጎማው ታሰረ። ማቲያስ ብቻውን ነድቶት ዞረ፣ ምንም አልነካም። ጥቁሩ መኪና በሰፊ እግሩ ቆሞ ሲያምር፣ ሳህሉ በስልኩ ፎቶ አነሳው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሽማግሌ ተላከ። ማቲያስ የሚያገባት ሮሆቦት የሲልቨር ስፕሪንግ ልጅ ናት። አባቷ አቶ ዓብዩ ቀጠሮ የሚያከብርና የሚያስከብር፣ ቀድሞ የአየር መንገድ ሰው የነበረ፣ ኮስተር ያለ አባወራ ነው። ለሽማግሌነት አራት ሰው ተመረጠ፤ ቀሲስ ብርሃነመስቀል፣ የማቲያስ አጎት አቶ ነጋ፣ የጂኦግራፊ መምህር የነበሩት አቶ እንግዳወርቅ፣ አራተኛው ሳህሉ። በደንቡ ልጁ አብሮ አይሄድም። ማቲያስ ትልቅ ኡበር ሊያዝላቸው ፈልጎ ነበር።

«ሽማግሌ በኡበር?» አለ ሳህሉ። «አቶ ዓብዩ በመስኮት የሚያይ ሰው ነው። በአንተ መኪና እንሄዳለን፣ እኔ እነዳዋለሁ። ልጁ ባዶ እጁን እንዳልሆነ ደጃፉ ላይ ይየው።»

«ጋሼ፣ ኋላ ይጠባችኋል» አለ ማቲያስ። የሀዲስን ነገር ያስታውስ አያስታውስ እንጃ፤ ቁልፉን ግን ሰጠ። ልጅ ነውና ለታላቁ ሰጠ። ሳህሉ ግን የሀዲስን ቃል አልረሳም። መኪናው ውስጥ ሲገባ ትዝ አለችው፤ ትዝ ስትለው ደግሞ ሬዲዮኑን ከፈተ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በዘጠኝ ሰዓት አቶ ዓብዩ ቤት ለመድረስ በስምንት ሰዓት ተነሱ። ቀሲስ መስቀላቸውን ይዘው ፊት ተቀመጡ። አቶ ነጋ ኋላ እንደምንም ገባ። አቶ እንግዳወርቅ ግን የሰውነታቸው ነገር ሌላ ነው፤ መጀመሪያ ጭንቅላታቸው ገባ፣ ከዚያ ወጣ፣ ከዚያ በጀርባቸው ሞከሩ፣ በመጨረሻ ነጋ በነጠላቸው ስቦ አስገባቸው። እሳቸው ሲቀመጡ የመኪናው ጀርባ ቁጢጥ አለ። ሳህሉ በመስተዋቱ አየ። ልቡም አብሮ ቁጢጥ አለ፤ እጁ ግን ሞተሩን አስነሳ።

ወንዙን የሚያሻግረው ድልድይ ላይ የመንገዱ መገጣጠሚያ ነጠር ባደረጋቸው ቁጥር ከኋላ «ኽርር» የሚል ድምፅ መጣ። ድልድዩን አልፈው ቤልትዌይ የሚባለው ቀለበት መንገድ ላይ ሲፈጥኑ ድምፁ ተደጋገመ። ቀጥሎ የተቃጠለ ጎማ ሸተተ።

«ሳህሉ፣ ምንድነው የሚሸተው?» አለ ነጋ።

«አዲስ ጎማ መጀመሪያ ይሸታል» አለ ሳህሉ።

አዋቂው እሱ ነውና ሦስቱም አመኑት። አቶ እንግዳወርቅ እንዲያውም «ልክ እንደ አዲስ ምጣድ» አሉ።  ሳህሉ ወርዶ ማየት፣ ኋላ ያሉትን ሁለቱን አውርዶ ሌላ መኪና መጥራት ይችል ነበር፤ ጊዜም ነበራቸው። ግን ምን ሊል ነው? አይቶ የመረጠው እሱ፣ ተነግሮት እምቢ ያለው እሱ። «ትንሽ ነው የቀረን» ብሎ ነዳ።

የጆርጂያ አቬኑ መውጫ ሊደርሱ ትንሽ ሲቀራቸው የቀኙ የኋላ ጎማ ፈነዳ። መኪናው ወዲያና ወዲህ ዋለለ። ቀሲስ «በስመ አብ» አሉ። ከኋላቸው የመጣ ትልቅ የጭነት መኪና ጡሩምባውን እየነፋ በጎናቸው አለፈ። ሳህሉ በሦስተኛው ምድር ቤት ልምዱ እንደ ምንም ጥግ አስያዘው።  እነዚህን ሦስት ሰዎች ሊገድላቸው ነበር። ይህን ያህል ግልጽ ሆኖ ታየው።

አራት ሽማግሌዎች ነጭ በነጭ ለብሰው ከብረት አጥሩ ማዶ ሣር ላይ ቆሙ። የሚያልፈው ሁሉ ያያቸዋል። ነጋ ጎንበስ ብሎ ጎማውን ዳሰሰ። ዙሪያውን በቢላ የተሸለተ ይመስላል፤ የፓራፋንጎው ጠርዝ ተጣሞ የጎማ ቁርጥራጭ ይዟል።

«አይ ይሄ ልጅ» አለ ነጋ ቀና ብሎ። «እንዲህ ያለ ጎማ ያደርጋል? ምናለ አንድ የሚያውቅ ሰው ቢጠይቅ?»

ሳህሉ አፉን ከፈተ። ሊናገር ነበር፣ በእርግጥ ሊናገር ነበር። የወጣው ግን ሌላ ሆነ። «የዛሬ ልጆች መቼ ሰው ይጠይቃሉ» አለ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አይመለስም። ለምን እንዳለው ራሱም አያውቅም።  የገዛ ጥፋቱን፣ አባት በሌለው፣ እሱን አምኖ በጠየቀው ልጅ ላይ ጣለው፤ ያውም ልጁ በሌለበት።

ፖሊስ መጣ፣ መኪናው ተጎትቶ ሄደ፣ እነሱም በመጨረሻ በዚያው በተናቀው ኡበር አቶ ዓብዩ ደጃፍ ደረሱ። አሥር ሰዓት ከአርባ ሆኗል። አቶ ዓብዩ በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን አላየም፤ ማየት አላስፈለገውም። በደንቡ መሠረት ሳይቀመጡ ቆመው «ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል» አሉ። ስለ መዘግየታቸው ይቅርታ ጠየቁ። ነጋ፣ አጎት ነውና አፍሮ፣ የጎማውን ጉዳይ ነገረው፤ ልጁ ማንንም ሳይጠይቅ ለውበት ብሎ እንዳስገባው።

አቶ ዓብዩ «ሽማግሌዎቹን በምን እንደሚልክ ያላሰበ ልጅ፣ ልጄን ወዴት ሊያደርሳት ነው?» አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ። እናስብበት።»

በሁለት ሳምንት ተመለሱ ማለት ወጉ ነው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ግን ወግ አልነበረም። ሳህሉ ምንጣፉን እያየ ነበር። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ወደደ። ያም ሆኖ ከሽማግሌዎቹ ጋር እጅ ነስቶ ወጣ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልበላ አለው። ሥራው ላይ፣ በዚያች የመስታወት ሳጥኑ ውስጥ ተቀምጦ፣ የሚገባውን መኪና ሁሉ ጎማ ያያል። «ዛሬ ለነጋ እደውላለሁ» ይላል፣ አይደውልም። «ለቀሲስ እናዘዛለሁ» ይላል፣ ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ ከኋላ ቆሞ ይመለሳል። አልዋሸሁም ብሎ ራሱን ሊያታልልም ሞከረ፤ «የዛሬ ልጆች» ነው ያልኩት እንጂ ስም አልጠራሁም። ይህቺ ሰበብ አንድ ቀን እንኳ አላዋለችውም።

በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ ማቲያስ ምሳ ሰዓት ላይ ጋራዡ ድረስ መጣ። ሳህሉ ሲያየው ብድግ አለ። የሚሰደብ መስሎት ነበር፤ ቢሰደብም ደስ ባለው።

«ጋሼ፣ ምንም አይጨነቁ» አለ ማቲያስ። «ሃንድል አድርጌዋለሁ። አቶ ዓብዩ ጋ ሄጄ ሶሪ አልኳቸው። ሙሉ በሙሉ የእኔ ፎልት ነው፣ ማንንም ሳልጠይቅ ነው ያስገባሁት አልኩ። እርስዎን ጭራሽ አላነሳሁም።»

«ለምን?» አለ ሳህሉ።

ማቲያስ ትከሻውን ነቀነቀ። «እርስዎ መንገድ ላይ ያሉትን አጎቴ ነግሮኛል። ገባኝ። እርስዎ ሽማግሌዬ ነዎት፤ እንዴት አድርጌ በሰው ፊት አዋርድዎታለሁ?»

ሳህሉ እግሩ ላይ ሊወድቅ ፈለገ። «ይቅር በለኝ» ሊለው ነበር። በዚህ መካከል አንዲት ሴትዮ መኪናዋን ፈልጋ መጣች። ሳህሉ ቁልፍ ሊያነሳ ዞረና፣ ጀርባውን እንደሰጠ «ጥሩ አድርገሃል» አለ። ጥሩ አድርገሃል! ልጁ ከሄደ በኋላ ይህን ቃል በአፉ ውስጥ ሲያመነዥግ ዋለ። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ራሱን ተጸይፎ አያውቅም።

በሁለት ሳምንቱ እሑድ በነጋ ሚኒቫን ሄዱ፤ በሰዓቱ ደረሱ። የአቶ ዓብዩ ፊት ፈክቷል። አስቀመጣቸው፣ የሚጠጣ አቀረበላቸው።

«ልጁ መጥቶ ነበር» አለ። «እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሽማግሌዎቼን ያጉላላሁት እኔ ነኝ አለኝ። ሰበብ አላበዛም። በዚህ ዘመን ጥፋቴ ነው የሚል ሰው የት ይገኛል? እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዚህ ነው የተረታሁት።»

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሳህሉም ነቀነቀ። ነገሩ ያበቃ መስሎት ትንፋሹ መለስ አለ።

«አንድ ነገር ብቻ አልገባኝ አለ» ቀጠለ አቶ ዓብዩ፣ ወደ ሳህሉ ዞሮ። «አቶ ሳህሉ፣ ስለ መኪና አዋቂ ነዎት ይሉኛል። እርስዎን የመሰለ ሰው ጎረቤት እያለው፣ ልጁ እንዴት ሳይጠይቅዎት ቀረ?»

ነጋ ፈጥኖ «ምን ይደረግ፣ ልጅነት ነው» አለ። መልሱ ተሰጥቷል፤ ሳህሉ «ልጅነት ነው» ብሎ ቢደግመው ያልፋል። እውነቱን ቢናገር ደግሞ አቶ ዓብዩ የወደደው የልጁ ይቅርታ ውሸት ሆኖ ይገኛል፤ ጋብቻውም ሊፈርስ ይችላል። ዝም ማለት ለልጁ ይበጃል ብሎ አሰበ። ወዲያው ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ እንዲህ እያለ ራሱን ሲሸፍን እንደኖረ ታወቀው፤ ይህም ያው መሸፈኛ ነው።

«ጠይቆኛል» አለ።

ሁሉም ወደሱ ዞሩ።

«ጠይቆኛል፤ የመረጥኩት እኔ ነኝ። ጎሚስታው አይሆንም፣ ሰው ሲጫን ይቆርጠዋል ብሎ ነግሮኛል። አልሰማሁትም። በዚያ መኪና እንሂድ ያልኩትም እኔ ነኝ። ስለ ጎማም ሆነ ስለ ሞተር የማውቀው ነገር የለም፣ ሰው ስለሚያከብረኝ ነው ዝም የምለው። መንገድ ላይ የዛሬ ልጆች ያልኩት ራሴን ላድን ነው። ልጁ የዋሸዎት እኔን ሊሸፍን ነው። እባክዎን በእኔ የተነሳ በሱ እንዳይፈርዱበት።»

ነጋ አፍጥጦ ያየዋል። አቶ እንግዳወርቅ ጫማቸውን ያያሉ። አቶ ዓብዩ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ያን ዕለት ለምን አልነገሩኝም?»

«አፍሬ ነው።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬማ የባሰ አፍሬያለሁ» አለ ሳህሉ።

አቶ ዓብዩ ረዘም ላለ ጊዜ አየው። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢቆጣ ይቀል ነበር። ከዚያ ከሱ ላይ ዓይኑን አንስቶ ወደ ቀሲስ ዞረና «ልጁ ሰው አሳልፎ እንደማይሰጥ አየሁ። ልጄን ሰጥቻለሁ፣ ይመርቁልን» አለ።

ሁሉም ተነሳ። ቀሲስ መረቁ፣ ከጓዳ እልልታ ተሰማ፣ ሮሆቦትም ወጥታ ጉልበት ሳመች። ሳህሉም «አሜን» አለ። ምርቃቱ ሲያልቅ ሰው እርስ በርሱ ተሳሳመ፣ ሦስቴ አራቴ፣ ጉንጭ ለጉንጭ። ነጋ ሁሉንም ስሞ ሲጨርስ ሳህሉ ጋ ደረሰ። ትንሽ ቆመ። ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ሳመውና ኮቱን ሊያነሳ ሄደ።